መንስኤው ያልታወቀ አለርጂ፦ ፍለጋው እስኪያልቅ እንዴት ደህና ሆኖ መቆየት ይቻላል

ሌሊት በማሳከክ ትነቃላችሁ። መብራት ስታበሩ ሆዳችሁና ክንዳችሁ ላይ ቀላ ያለ፣ ከፍ ከፍ ያለ እብጠት ተዘርግቷል። ምን በላሁ? ምን ነካኝ? ብላችሁ ቀኑን ወደ ኋላ ትቆጥራላችሁ፤ የተለየ ነገር የለም። ሲነጋ ቆዳችሁ ምንም እንዳልነካው ጥርት ብሏል፣ ሐኪም ዘንድ ብትሄዱ የምታሳዩት የለም። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ይመለሳል፣ ያውም ከንፈር ጨምሮ።

እኔ በዚህ ነገር ስምንት ወር ተንከራትቻለሁ። መጀመሪያ እንቁላል ነው አልኩ፣ ተውኩት። ቀጥሎ ቲማቲም። ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ሳሙናው፣ ከዚያ የአንሶላው ማጠቢያ ዱቄት። መጨረሻ ላይ የምበላው በጣት የሚቆጠር ሆነ፣ ኪሎዬ ቀነሰ፣ ሽፍታው ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔ ያልገባኝ፣ መንስኤ መፈለግና ደህና ሆኖ መዋል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይጠብቅም። መንስኤው ሳይታወቅም ዛሬ ማታ መተኛት ይቻላል፣ ለክፉ ቀን መዘጋጀትም ይቻላል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

1. መጀመሪያ ለክፉው ተዘጋጁ

ሽፍታ ብቻውን ያሰቃያል እንጂ ብዙውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። አናፊላክሲስ የሚባለው ከባድ አለርጂ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ምልክቶቹን እናንተ ብቻ ሳትሆኑ አብረዋችሁ የሚኖሩትም ይወቁ፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ሲር ሲር ማለት፣ የድምፅ መሻከር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ማበጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ማዞር፣ ራስን መሳት። ከነዚህ አንዱ ከሽፍታ ጋር ከመጣ አትጠብቁ። አንዳንዴ ደግሞ ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ ይመጣል፣ ስለዚህ "ሽፍታ የለም፣ አለርጂ አይደለም" ብላችሁ አትዘናጉ።

መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ክኒን አይተካውም፤ ክኒኑ ማሳከክን ይቀንሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊትም አያነሳም። አድሬናሊን የሚወጋው ጭን ላይ ነው፣ በውጭ በኩል፣ መሃሉ አካባቢ። በእስክሪብቶ መልክ የተሠራው ለአዋቂ ብዙ ጊዜ 0.3 ሚሊግራም ይይዛል፣ በልብስ ላይም ይወጋል። ከተወጋችሁ በኋላ አምቡላንስ ይጠራ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛው ይደገማል፣ ለዚህም ነው ሁልጊዜ ሁለት መያዝ የሚመከረው። እስከዚያ ድረስ በጀርባ ተኙ፣ እግር ከፍ ይበል። ትንፋሽ ካስቸገረ እግርን ዘርግቶ መቀመጥ ይሻላል። ተሻለኝ ብሎ ብድግ ማለት አደገኛ ነው፤ ሰው ድንገት ሲቆም ግፊቱ ወርዶ የሞተበት ጊዜ አለ። ሆስፒታል ከደረሳችሁም ቶሎ ልሂድ አትበሉ፣ ምክንያቱም ምልክቱ ጠፍቶ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

ከዚህ በፊት አንድ ጊዜም ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ፣ መንስኤው ስላልታወቀ ብቻ አድሬናሊን ሳይታዘዝላችሁ አትውጡ። እንዲያውም ምኑን መሸሽ እንዳለባችሁ ስለማታውቁ ከሌላው የበለጠ የሚያስፈልገው እናንተን ነው። እስክሪብቶው የማይገኝ ከሆነ በአምፑልና በሲሪንጅ ስለመያዝ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ መጠኑንም አሳይቶ ያለማምዳችሁ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ቤታ ብሎከር የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ንገሩት፣ አድሬናሊኑ እንደሚገባው እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላል።

2. ስቃዩን አስታግሱ

"መንስኤው ሳይታወቅ መድኃኒት ከወሰድኩ ምልክቱን እደብቃለሁ" ብዬ ለወራት እያሳከከኝ ኖሬያለሁ። ይቅርባችሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በትክክል አይፈልግም።

ለሽፍታ መጀመሪያ የሚታዘዙት እንቅልፍ የማያመጡ ወይም ብዙም የማያመጡ የአለርጂ ክኒኖች ናቸው፦ ሴትሪዚን፣ ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲን። ሽፍታው ተደጋጋሚ ከሆነ ሲወጣ ብቻ ከመዋጥ በየቀኑ በሰዓቱ መውሰድ ይሻላል። በአንድ ክኒን ካልተገታ ሐኪም መጠኑን እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ ይህ በሕክምና መመሪያ ያለ ነገር ነው፣ ግን በራሳችሁ አታድርጉት። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቆዩት ክኒኖች ያደነዝዛሉ፣ መኪና ለሚነዳ ሰው አይሆኑም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ደግሞ ለጥቂት ቀን ተአምር ይመስላል፣ ለወራት ሲወሰድ ግን አጥንትን፣ ስኳርንና ግፊትን ያበላሻል። እያለቀ ሲመጣ እንደገና እየገዙ መቀጠል ወጥመድ ነው።

ሙቅ ሻወር፣ ጠባብ ልብስና አልኮል ብዙ ሰው ላይ ያባብሳሉ። ቀዝቃዛ ጨርቅ ያረጋጋል፣ ሽፍታችሁ በብርድ የሚነሳ ካልሆነ በስተቀር።

3. ማስታወሻ ያዙ፣ ግን ምግብ ብቻ አይደለም

አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም የሳትኩት እዚሁ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የበላሁትን ሁሉ ቅመም ሳይቀር ጽፌ ነበር። የራስ ምታት ክኒን ግን አልጻፍኩም፤ ምግብ አይደለማ! በኋላ አንድ ሐኪም ማስታወሻዬን አገላብጠው "መድኃኒት አትወስድም?" ሲሉኝ ነው ያስታወስኩት። ኢቡፕሮፌን ነበር፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። ክፉ ክፉዎቹ ሌሊቶች እሱን የዋጥኩባቸው ቀኖች ሆነው ተገኙ። እንደ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች ሽፍታ ያለበትን ሰው ሊያባብሱበት ይችላሉ።

እና ምን ይጻፍ? ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት በትክክል። ከዚያ በፊት ባሉት ስድስት ሰዓታት የበላችሁትና የጠጣችሁት። የዋጣችሁት ክኒን ሁሉ፣ ቫይታሚንም፣ ባህላዊ መድኃኒትም። እንቅስቃሴ፣ ሙቀት፣ ብርድ፣ ላብ፣ የጠበቀ ቀበቶ ወይም ከባድ ቦርሳ። የእንቅልፍ ማነስ፣ ጉንፋን፣ ለሴቶች የወር አበባ። አዲስ ቅባት፣ የፀጉር ቀለም፣ የነፍሳት ንድፊያ። ምንም ያልተፈጠረበትን ቀንም ጻፉ፣ አለበለዚያ የምታወዳድሩበት የላችሁም። እንቁላልን የከሰስኩት ሽፍታ በወጣብኝ ቀን ስለበላሁ ነው፤ ሳይወጣብኝ የበላሁባቸውን ሃያ ቀኖች ማን ይቁጠርልኝ?

ሁለት ነገር ጨምሩ። ፎቶ አንሱ፣ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ቆዳው ጠርቶ ሊሆን ስለሚችል። ሌላው፣ አንዱን እብጠት መርጣችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አክብቡትና ሰዓቱን ጻፉ። ኡርቲካሪያ የሚባለው የተለመደው ሽፍታ ከአንድ ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ይወጣል። ያከበባችሁት ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካመመ፣ ሲሄድም እንደ ምት ያለ የበለዘ ምልክት ከተወ፣ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ከቆዳው ናሙና ወስዶ ሊመረምር ይገባል። ይቺ ቀላል ዘዴ ብዙ ነገር ታሳጥራለች።

4. ሰዓቱን አንብቡት

ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ማስታወሻውን ተቀምጣችሁ አንብቡ። በዋናነት የምትፈልጉት ክፍተቱን ነው፣ ከነገሩ እስከ ምልክቱ ያለውን ጊዜ።

የተለመደው የምግብ አለርጂ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይነሳል። ምሳ ላይ የበላችሁት እኩለ ሌሊት ቢያስነሳችሁ የተለመደው አይነት አይመስልም። ልዩ ሁኔታ ግን አለ፦ ሥጋ ውስጥ ባለ አልፋ ጋል በሚባል የስኳር አይነት የሚነሳ አለርጂ የበሬ፣ የበግ ወይም የአሳማ ሥጋ ከተበላ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ ይመጣል። መነሻው የመዥገር ንክሻ ነው። በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2009 ስለሆነ ብዙ ሰው አልሰማውም። ማታ ሥጋ በልታችሁ ሌሊት የምትነቁ ከሆነ ለሐኪማችሁ አንሱበት።

ሌላው አሳሳች ነገር ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ብቻ የሚነሳው ነው። አንዳንዱን ሰው ስንዴ ብቻውን ምንም አያደርገውም፣ ሩጫም ብቻውን ምንም፤ በልቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲሮጥ ግን ይወድቃል። ማስታገሻ ክኒን፣ አልኮል፣ ሕመምና የእንቅልፍ እጦትም እንደ ሩጫው ይሠራሉ። "አንዳንዴ ይነሳብኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያንኑ በልቼ ደህና ነኝ" የምትሉ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም በሉ።

ከተነካ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ የሚመጣ፣ የሚላላጥ፣ በነካው ቦታ ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ንክኪ ነው፦ የኒኬል ጌጥ፣ ሽቶ፣ የፀጉር ቀለም። ሽፍታ የሌለው የከንፈር፣ የምላስ ወይም የፊት እብጠት ግን ሌላ መንገድ ነው። እንደ ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ይህን ያደርጋሉ፣ ያውም ለወራትና ለዓመታት ያለ ችግር ከተወሰዱ በኋላ። በቤተሰብ የሚወረስ አይነትም አለ፣ ለአለርጂ ክኒንና ለስቴሮይድ የማይመለስ፤ ሲ ፎር የሚባል የደም ምርመራ ይጠቁመዋል።

5. ምርመራውን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ

"ሁሉንም መርምሩልኝ" ማለት ያጓጓል፤ ግን ጥሩ አይደለም። የቆዳ መውጊያ ምርመራም ሆነ የአይጂኢ የደም ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ያንን ነገር እንደሚያውቀው ነው፤ ስትበሉት ትታመማላችሁ ማለት አይደለም። ሃምሳ ነገር ከተመረመረ ያለ ችግር የምትበሉት ምግብ "ፖዘቲቭ" ሆኖ ይወጣና በከንቱ ትተዉታላችሁ። ምርመራው ማስታወሻው ያስጠረጠረውን ለማረጋገጥ ሲሆን ነው ዋጋ ያለው። ለምግብ አይጂጂ የሚባለውን ደግሞ በፍጹም አትክፈሉበት፣ የሚያሳየው ምግቡን መብላታችሁን ነው።

ለቆዳ መውጊያው የአለርጂ ክኒን ከ5 እስከ 7 ቀን በፊት መቆም አለበት፣ ሐኪሙን ጠይቃችሁ። የደም ምርመራውን ክኒን አይነካውም። ለንክኪ አለርጂ የሚደረገው ለየት ይላል፣ ጀርባ ላይ ለ48 ሰዓት ይለጠፋል።

ከባድ ነገር ገጥሟችሁ ድንገተኛ ክፍል ከገባችሁ ትሪፕቴዝ የሚባል የደም ምርመራ እንዲወሰድ እናንተ ወይም አብሯችሁ ያለው ሰው ጠይቁ። ምልክቱ ከጀመረ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ከአራት ሰዓት ባይዘገይ ጥሩ ነው። ደህና ስትሆኑ፣ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ይደገምና ይነጻጸራል። ከፍ ብሎ ከታየ እውነተኛ አናፊላክሲስ እንደነበር ይደግፋል። ደህና ሆናችሁም ከፍ ያለ ከሆነ የአለርጂውን ምላሽ የሚያስነሱት፣ ማስት የሚባሉት ሴሎች በዝተው እንደሆነ ይመረመራል። ያለፈ ደም አይመለስም፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመድኃኒቱ ጋር ያዙት።

6. ምግብ አታራግፉ

እኔ የሠራሁትን አትሥሩ። ምግብ ከተጠረጠረ አንድ ብቻ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ከዚያ መልሶ መሞከር። ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ኪሎ የቀነሰ ሰው ከሆነ ያለ ባለሙያ አይሁን። ከዚህ በፊት ትንፋሽ ያሳጠረ ወይም ራስ ያሳተ ነገር ከሆነ ደግሞ መልሶ መሞከሩ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም፣ ሐኪም ባለበት እንጂ።

7. መንስኤው ባይገኝስ?

ይሄ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ሽፍታው ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየ ዘላቂ ይባላል፣ እና በአብዛኛው ሰው ላይ ከውጭ የመጣ ነገር አይገኝም። ተደብቆ ስለቀረ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሰውነት መከላከያው ራሱ ማስት ሴሎችን ስለሚነካካ ነው። አለርጂ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣው የቪየናው ሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ "የተለወጠ ምላሽ" ለማለት ነበር፤ እኛ ግን ቃሉን ስንሰማ ቶሎ ብለን ሳህናችን ላይ ጥፋተኛ እንፈልጋለን።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ "አላወቅንም" ያሉኝ መስሎኝ። ግን ስም ያለው፣ ሕክምና ያለው ነገር ነው። ክኒኑ በአራት እጥፍም ካልሠራ ኦማሊዙማብ የሚባል መርፌ አለ፣ በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ። በብዙ ሰው ላይም ከወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ ይተዋል።

መንስኤና አባባሽ ለየብቻ መሆናቸውንም ያኔ ነው የተረዳሁት። የእኔ መንስኤ እስካሁን አልታወቀም። አባባሹ ታውቋል፣ ትቼዋለሁ፤ ለራስ ምታት ሐኪሜ የፈቀዱልኝን ፓራሲታሞል እወስዳለሁ። እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ቲማቲሙ ተመልሰዋል። በየሦስት ወሩ ከሐኪሜ ጋር ሆነን ክኒኑን እንቀንስና እናያለን። ባለፈው ጊዜ ስንቀንስ አስራ አንድ ቀን ደህና ቆየሁ፣ በአስራ ሁለተኛው ወጣብኝ። ያንንም ጽፌዋለሁ።