ሸክላ ሲያዳምጡና አልበም ሲያጋሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሸክላ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች አብዛኞቹ ከችኮላ የሚመጡ ናቸው። በስልክ ማዳመጥ የለመደ ሰው ሸክላውንም በዚያው ፍጥነት ሊያስኬደው ይሞክራል። ደስታው የሚያመልጠውም እዚያ ላይ ነው።

ዘፈን እየመረጡ መዝለል

በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ብዙ ሰው አዲስ አልበም ሲያገኝ መርፌውን የሚያሳርፈው ቀድሞ የሚያውቀው ዘፈን ላይ ነው። ከዚያ አንስቶ ሌላው ላይ፣ ከዚያም ሌላው ላይ። አልበሙ ግን እንዲህ እንዲደመጥ አልተሠራም።

ኮሎምቢያ በ1948 እ.ኤ.አ. ሎንግ ፕሌይ የሚባለውን ሸክላ ሲያወጣ ትልቁ ለውጥ የጊዜው ርዝመት ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የቀድሞዎቹ ሸክላዎች በአንድ ገጽ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ነበር የሚይዙት። አዲሱ በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ እየዞረ 20 ደቂቃ ገደማ ሳያቋርጥ ይጫወታል። ሙዚቀኞች አንድን ገጽ እንደ አንድ ሙሉ ሥራ ለማሰብ ሰፊ ቦታ ያገኙት ያኔ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ይጋብዝዎታል። የገጹ መጨረሻ ሸክላውን እንዲገለብጡ ያጓጓዎታል። ሳይድ ቢ፣ ማለትም ሁለተኛው ገጽ፣ ደግሞ እንደ አዲስ ይከፈታል።

ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት አይለወጥም፤ መርፌው የሚሄድበት የመስመር ክብ ግን ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ዳር ላይ በመርፌው ሥር በሴኮንድ 50 ሴንቲሜትር ገደማ መስመር ያልፋል፤ መጨረሻው አካባቢ ግን 21 ያህል ብቻ። ያው ሙዚቃ ባነሰ ቦታ ይታጨቃል፣ ቀጫጭኑ ድምፅም መሻከር ይጀምራል። ብዙ አልበሞች ላይ ለስለስ ያለው ዘፈን ገጹ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ድርደራው ታስቦበታል። ቢያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዳምጡት አንዱን ገጽ ከዳር እስከ መጨረሻ ይስሙት።

ፎኖውን መርሳት

ሸክላ ሲቆረጥ፣ ማለትም ሙዚቃው መስመር ሆኖ ሲቀረጽበት፣ ወፍራሙ ድምፅ (ቤዙ) ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ከፍ ይደረጋል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ በጣም እየተወዛወዘ ቦታ ይፈጃል፤ ቀጭኑ ከፍ ሲል ደግሞ የሸክላው ሽሽታ ይሸፈናል። በማዳመጫ ሰዓት ይህን ወደ ቦታው የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ (ባጭሩ ፎኖ) የሚባለው መሣሪያ ነው። እሱ ከሌለ የሚሰሙት ድምፅ ደካማና ሳሳ ያለ፣ ቤዝ የሌለው ይሆናል። በዚህ የተነሳ “ሸክላ እንዲህ ከሆነማ ይቅርብኝ” ብለው የተዉ ሰዎች አሉ። ያሳዝናል፤ ሸክላውን በትክክል ሰምተውት አያውቁም።

አምፕሊፋየርዎ ጀርባ ላይ “ፎኖ” የሚል መግቢያ ካለ እዚያ ይሰኩት። ከሌለ ማጫወቻው ውስጥ ተሠርቶ የመጣ ሊኖር ስለሚችል እሱን ይመልከቱ። ሁለቱንም ባንድ ላይ ከተጠቀሙ ግን ድምፁ ይበላሻል።

የመርፌውን ክብደት በግምት መተው

“ቀለል ሲል ሸክላውን አይጎዳም” የሚል እምነት አለ። እውነት ይመስላል ግን አይደለም። በጣም የቀለለ መርፌ መስመሩ ውስጥ ተደላድሎ አይቀመጥም፤ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል። ብዙዎቹ ካርትሪጆች (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የሚይዙት ክፍሎች) ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ባለው መሃል ነው የሚሠሩት። ትክክለኛውን ቁጥር አምራቹ ይጽፈዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመርፌውን መከላከያ አውልቀው ክንዱን ከማሳረፊያው ያላቅቁ። ከኋላ ያለውን ክብደት ቀስ እያሉ ያዙሩ። ክንዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቁጥር ያለውን ቀለበት ዜሮ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ክብደቱን ከነቀለበቱ እስከሚፈለገው ቁጥር ያዙሩ። አለቀ።

መርፌ ራሱ ያልቃል። ብዙዎቹ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያገለግላሉ። ዘፋኙ “ሰ” እና “ሸ” ሲል የሚያፏጭ ወይም የሚፋጭ ነገር መስማት ከጀመሩ መርፌውን ይጠርጥሩ።

በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ

ይህ አቧራውን ወደ ውስጥ ያሽገዋል። ለዚሁ የተሠራ ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ሸክላውን በጠርዙና በመሃሉ ወረቀት ብቻ ይያዙ። የድሮዎቹን ባለ 78 ሸክላዎች በአልኮል እንዳይነኩ፣ ብዙዎቹ የተሠሩበትን ነገር ያሟሟዋል። ደርድረው ሲያስቀምጡ ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው፤ እላይ በላይ ከተከመሩ ይጎብጣሉ፣ ፀሐይ ካገኛቸውም እንደዚያው።

“ሸክላ ከሁሉም ይበልጣል” ብሎ መከራከር

ሸክላ እወዳለሁ፣ ይህን ክርክር ግን አልወደውም። በጥራት መለኪያ ከሄድን ሲዲ ጫጫታው ያነሰ ነው፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መሃል ያለው ልዩነትም በሲዲ ይሰፋል። የሸክላ ደስታ ሌላ ቦታ ነው። ሽፋኑን በሁለት እጅ ይይዙታል፣ ጀርባው ላይ ቤዝ ጊታሩን ማን እንደተጫወተ ያነባሉ። ገጹ ሲያልቅ ደግሞ ተነስተው መገልበጥ አለብዎት። ጆሮዎ እንዳይዘናጋ የሚያደርገው ይህ ሁሉ ነው። አዲስ አድማጭ ለማምጣት ይህ ይበቃል፤ የሌላውን ምርጫ ማጣጣል አያስፈልግም።

አልበም ሲያጋሩ ማብዛት

ወዳጅዎ “ምን ልስማ?” ሲልዎት አሥራ አምስት አልበም አይላኩለት። አንዱንም አይሰማውም። አንድ ይምረጡ፣ ከየትኛው ገጽ እንደሚጀምርም ይንገሩት። “ምርጥ ነው” ማለት ብቻ ምንም አይነግረውም። “ሦስተኛው ላይ ከበሮው ዘግይቶ የሚገባበትን ጠብቅ” ቢሉት ግን የሚይዘው ነገር ሰጡት። አብራችሁ ስታዳምጡ ደግሞ ዘፈኑ ላይ እየተናገሩ አያስረዱት። የሚሉትን ቀድመው ይበሉና ይተዉት።

ሌላው ደግሞ ብርቅዬነትን ከሙዚቃው ጋር ማምታታት ነው። የመጀመሪያ እትም መሆኑ ብቻ ጥሩ ድምፅ አይሰጥም። ድምፁን የሚወስነው ሲቆረጥ የተደረገው ጥንቃቄና ሸክላው አሁን ያለበት ሁኔታ ነው።

ሲያውሱም ማጫወቻውን ይጠይቁ። ርካሽ ከሆኑት ማጫወቻዎች ውስጥ 5 ግራምና ከዚያ በላይ የሚጫኑ አሉ፤ በተደጋጋሚ ሲጫወቱት መስመሩን ይበሉታል። የወዳጅዎ ማጫወቻ እንዲህ ከሆነ ሸክላውን ከመስጠት ይልቅ ሰውየውን ቤትዎ ይጋብዙት።