ደመወዙ ለተያዘበት ሠራተኛ ጉባኤው እንዴት ይቁምለት?

እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ከዝናብ ሊጠለሉ ቆሻሻ መኪና ውስጥ የገቡ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች በመጭመቂያው ተጨፍልቀው ሞቱ። ከቀናት በኋላ 1,300 ያህል ባልደረቦቻቸው አድማ መቱ። ቄስ ጄምስ ላውሰን የሃይማኖት አባቶችን አሰባሰቡ፤ ሰልፉም ክሌይቦርን ቴምፕል ከተባለው ቤተ ክርስቲያን ይነሣ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉት እነዚህን ሠራተኞች ሊደግፉ በሄዱበት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ማቆሚያና በምግብ ቤት የሚለፉ ብዙ ወገኖቻችን ዛሬም እንዲህ ያለ አጋር ያስፈልጋቸዋል። የቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም የመስጊዳችሁ ጉባኤ ሊያግዝ ከፈለገ እንዲህ ይጀምር።

1. ሠራተኞቹን ለብቻቸው ስሙ። አሠሪና ሠራተኛ አብረው የሚያስቀድሱበት ደብር ብዙ ነው፤ አሠሪው የሰበካ ጉባኤ አባል ከሆነ ደግሞ ማንም በፊቱ አይናገርም። ቀጠሮውን በፈረቃቸው ልክ ያዙ፤ ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሰው እሑድ ጠዋት እንቅልፍ ላይ ነው።

2. ማስረጃ አሰባስቡ። እያንዳንዱ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በራሱ ደብተር ይጻፍ፤ የደመወዝ ወረቀቱንም አይጣል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው፤ ብዙ ግዛቶች ከዚህ የበለጠ ያስከፍላሉ። አብዛኛው የሰዓት ተከፋይ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራበት አንድ ተኩል እጥፍ ይገባዋል። በፌዴራሉ ሕግ ውዝፍ የሚጠየቀው ወደኋላ ሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ከጣሰ ሦስት ዓመት ስለሆነ አትዘግዩ።

3. ሽምግልናው ሠራተኛውን አይጉዳ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ሽማግሌዎቻችን ማስታረቅ ይወዳሉ፤ «ግማሹን ተውለት» ማለት ይቀናቸዋል። የሠራበት ደመወዝ ግን ይቅር የሚባል ቂም አይደለም። ያዕቆብም በመልእክቱ (5፥4) የተያዘ ደመወዝ እንደሚጮኽ ጽፏል። አሠሪውን ለማነጋገር ሠራተኛው ከፈቀደ ብቻ፣ የተጻፈ ሒሳብ ይዛችሁ ሂዱ። እምቢ ካለ የአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል አቤቱታ ይቀበላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውም ሰው ማመልከት ይችላል፣ ስሙም በምስጢር ይያዛል።

4. አድማ ከመጣ ስንቅ አዘጋጁ። ካህናትም ሼኾችም ልብሰ ክህነታቸውንና ጥምጣማቸውን እንደለበሱ ከሰልፈኛው ጋር ይቁሙ። ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ግን አስቀድማችሁ ገንዘብ ሰብስቡ፤ በሜምፊስ ከተማው ለሠራተኞቹ ማኅበር ዕውቅና ሰጥቶ ደመወዝ እስኪጨምር ድረስ ቤተሰቦቹ ከሁለት ወር በላይ ያለ ደመወዝ ቆይተዋል።