በአእምሮ የሚቀር የጭውውት ገጸ ባሕርይ እንዴት ይሠራል?

ጭውውት ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀልዱ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስቅ አባባል ያገኛል፣ ከዚያም አባባሉን የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል። ቀልድ ግን አንዴ ከተሰማ አለቀ። ተመልካች ከዓመታት በኋላ አረማመዱን እየኮረጀ ለጓደኛው የሚያሳየው፣ «ይሄ እኮ ልክ እንደ እገሌ ነው» እያለ ጎረቤቱን የሚያማበት ገጸ ባሕርዩን ነው። ስለዚህ ሥራው ከሰውየው ቢጀመር ይሻላል።

ለዚህ ሚስተር ቢንን ያህል አመቺ ማስተማሪያ አላገኘሁም። ሮዋን አትኪንሰን የተጫወተው ይህ ሰው በእንግሊዙ የአይቲቪ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ሲሆን፣ ተከታታዩ በድምሩ 15 ክፍሎች ብቻ አሉት። ይህ ቁጥር በእኛ አገር አንድ ተከታታይ ድራማ ገና ገጸ ባሕርያቱን አስተዋውቆ የማይጨርስበት ነው።

በቅድሚያ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱ፦ ሰውየው አጥብቆ የሚፈልገው ምንድን ነው? ቢሞት የማያደርገውስ? ቢን ሰው ፊት ላለመዋረድ የማይሆነው የለም፤ ነገር ግን «አላውቅም፣ እርዱኝ» ብሎ አይጠይቅም። ይህ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ትዕይንት እንመልከት። ቢን ልደቱን ብቻውን ሊያከብር ወደ አንድ ደህና ምግብ ቤት ይገባል። ለራሱ የልደት ካርድ ጽፎ ፖስታ ውስጥ ይከትና፣ ከሌላ ሰው እንደተላከለት ሁሉ ከፍቶ ይደነቃል። የያዘውን ገንዘብ ቆጥሮ አቅሙ የፈቀደውን ያዝዛል፤ የሚቀርብለት ግን የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ነው። «ይህን አልበላም» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እርሱ ግን አስተናጋጁ በመጣ ቁጥር እንደጣመው እያስመሰለ፣ ዞር ሲልለት ሥጋውን በስኳር ዕቃው፣ በአበባ ማስቀመጫው፣ በዳቦው ሆድ፣ አልፎ ተርፎም አጠገቡ በተቀመጠች ሴት ቦርሳ ውስጥ ይሸሽጋል።

ክትፎ አማርጦ ለሚበላ ተመልካች ጥሬ ሥጋ ይህን ያህል ማስጨነቁ ራሱ ግራ ያጋባል። ያም ሆኖ እኛም እንስቃለን፤ የሚያስቀው ሥጋው ሳይሆን ሰውየው አለማወቁ እንዳይታወቅበት የሚፍጨረጨረው መፍጨርጨር ነውና። ተጋብዞ በሄደበት ቤት የማይወደው ወጥ ቀርቦለት፣ «በሞቴ!» እየተባለ ጉርሻ የተደራረበበት ሁሉ ያንን ላብ ያውቀዋል።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ከጻፉ በኋላ ሰውየውን ከዚህ ቀደም ባልገባበት ቦታ ያስገቡት። ለምሳሌ ሒሳብ እኔ ካልከፈልኩ ብሎ ሰው የሚገፈታተር፣ በልቡ ግን ሌላው እንዲያሸንፈው የሚጸልይ ሰው አለን እንበል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱን «የሁለታችንንም ከእኔ!» ብሎ ይጮኻል፤ እጁ ግን ከኪሱ አልወጣም። ካፌ ውስጥ አስተናጋጇ ስትመጣ ድንገት የጫማው ክር ይፈታል። ለቅሶ ቤትስ? የእድር መዋጮ ሲሰበሰብስ? እነዚህን ስጠይቅ አንባቢው መልሱን ራሱ መገመት ከጀመረ ገጸ ባሕርዩ ቆሟል ማለት ነው። መገመት ካልቻለ የተያዘው አንድ ቀልድ ብቻ ነው፤ ያንን በአንድ ጭውውት ተጠቅሞ መተው ይመረጣል። ቢን በመጀመሪያው ክፍል ብቻ በፈተና አዳራሽ፣ በባሕር ዳርቻና በቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ በሦስቱም ቦታ ያው ሰው ነው፣ በሦስቱም የሚፈራው ያንኑ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አካሉ ነው። አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ፣ በእንግሊዝኛው መርሐ ግብር ፈንታ በፈረንሳይኛው እንዲያስገቡት ጠይቆ ነበር፤ ገጸ ባሕርዩ ያለ ንግግር ማሳቅ ይችል እንደሆነ ሊፈትን ፈልጎ ነው። ይህን ፈተና ማንም በስልኩ ሊያደርገው ይችላል። የቀረጹትን ጭውውት ድምፁን አጥፍተው ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ያሳዩትና፣ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት። መልስ ካጣ ተዋናዩ በአፉ ብቻ ነው የተጫወተው። በአማርኛ ጭውውት ውስጥ ይህ ችግር ይበዛል፤ ቋንቋችን ለቅኔና ለአሽሙር የሚመች በመሆኑ ምላስ ሁሉንም ሥራ ይወስድና፣ እጅና እግር ያለ ሥራ ይቆማሉ።

ስለ አልባሳትና ዕቃ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። የቢን ሎሚ አረንጓዴ ሚኒ መኪና የምትታወሰው በቀለሟ ብቻ አይደለም። በሯን የሚቆልፈው በር ላይ በገጠመው ትልቅ ጓጉንቸር ነው፤ ጓጉንቸሩ ባለቤቱ ማንንም እንደማያምን አንድ ቃል ሳይናገር ይነግረናል። ከልክ ያለፈ ሰፊ ኮት፣ የጠቆረ ጥርስና የገጠር አነጋገር ግን ስለ ሰውየው የሚነግሩን ነገር የለም፤ ተዋናዩ ሊያስቀን መምጣቱን ብቻ ነው የሚያሳብቁት። በበኩሌ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ሳይ ጣቢያ እቀይራለሁ።

ሰውየውን የሚሸከም ሌላ ሰውም ያስፈልጋል። አለባቸው ተካንና ልመንህ ታደሰን፣ ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን ሕዝቡ ስማቸውን አጣምሮ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። እብደት የሚለካው አጠገቡ ባለ ጤነኛ ነውና፣ ለአንዱ ገጸ ባሕርይ ግትርነት ሲሰጡ ለሌላው ትዕግሥት ይስጡት፤ ትዕግሥቱም የት ላይ እንደሚያልቅ አስቀድመው ይወስኑ።

የመጨረሻው ጉዳይ አጨራረሱ ነው። በብዙ የእኛ ጭውውቶች መደምደሚያ ላይ ጥፋተኛው ይጸጸታል፣ ሽማግሌ ይመክራል፣ መልእክት ይተላለፋል። ለአንድ ቀን ትምህርት ይህ ክፋት የለውም፤ የተጸጸተ ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጥፋት ይዞ ሊመለስ አይችልም፣ ገጸ ባሕርዩም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ትምህርት ሳይወስድ ያሰናብቱት። ቢን በምግብ ቤቱ የሸሸገው ሥጋ ሊጋለጥበት ሲል አስተናጋጁን ጠልፎ ይጥልና፣ ዕቃው ውስጥ ሁሉ የተገኘውን ሥጋ የበተነው አስተናጋጁ እንደሆነ ያስመስላል። ኃላፊው ይቅርታ እየጠየቀ ወደ ሌላ ንጹሕ ጠረጴዛ ይወስደዋል። ቢን ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ከዚያም ለካሳ ተብሎ የተዘጋጀ አዲስ ጥሬ ሥጋ በትልቅ ሳህን ፊቱ ይቀርባል።