1/10 (ከእውነተኛው አንድ አሥረኛ የሚያህል) ቱሪንግ የሪሞት መኪናን ለምንጣፍ ውድድር ማዘጋጀት

ሞላ ተቀይሮ፣ የሾክ አብዞርበር ዘይት ተቀይሮ አሁንም አልስተካከል ያለ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ ሌላ ነው፤ ወይ ተጣሟል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ይህንን አጥሩ።

ፒኒዮኑን (ሞተሩ ላይ ያለውን ትንሽ ማርሽ) ከትልቁ ማርሽ አላቁና ጎማዎቹን በእጅ አዙሩ። የሚያንገራግር ከሆነ ኩሽኔታው ቆሽሿል ወይም አልቋል፤ ቶሎ የሚቆም ከሆነ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል። ቀጥሎ ሾክ አብዞርበሩን ከታች ፍቱና የጎማውን ክንድ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት።

ሾኩን መልሳችሁ እሰሩና አሁን መጣመሙን እንፈትሽ። ባትሪውን አስገቡ፤ ስታብላይዘሮቹን (የግራና የቀኝ ክንዶችን የሚያገናኙትን ቀጫጭን ዘንጎች) ፍቱ፤ የግራና የቀኝ ጎማዎች ወደ ታች የሚወርዱበት ልክ እኩል መሆኑን ለኩ። መኪናውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አድርጉና የከተር ስለት ከፊት በኩል ሻንሲው መሃል ላይ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል መነሳት አለባቸው። ግራው ከቀደመ ጥፋቱ ያለው ከኋላ ነው፤ የኋላ ግራው ሞላ አብዝቶ ይገፋል። የእሱን የሞላ ማጥበቂያ ቀለበት ሩብ ዙር አላሉ፣ የኋላ ቀኙን በዚያው ልክ አጥብቁ። ከዚያ መኪናውን አዙራችሁ ከኋላ በኩል ድገሙት። በቀለበት ብዙ መሄድ ካስፈለጋችሁ ግን የሻንሲውን የላይኛ ሰሌዳ ብሎኖች ፈትታችሁ መስታወቱ ላይ እንደተቀመጠ መልሳችሁ እሰሩ። ይህ ሳይስተካከል የቀረ መኪና ወደ አንድ በኩል እሺ ብሎ ይታጠፋል፣ ወደ ሌላው ጅራቱን ይጥላል።

ለመነሻ የሚሆን ልክ፦ የሻንሲው ከፍታ ከመሬት 5–5.5 ሚሊ ሜትር (የክለቡን ዝቅተኛ ልክ ጠይቁ)፤ ካምበር (የጎማው አናት ማዘንበል) ፊትም ኋላም 1.5–2 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነበለ፤ የኋላ ጎማዎች አፍንጫ 3 ዲግሪ ወደ ውስጥ፣ የፊቶቹ ከ0 እስከ 1 ዲግሪ ወደ ውጭ።

ማርሽ ላይ ግምት አይሰራም። የትልቁን ማርሽ ጥርስ ለፒኒዮኑ ጥርስ አካፍሉና በመኪናው የውስጥ ሬሾ (ቺንጋው በሚያዞራቸው ማርሾች ጥምርታ) አባዙ። 96 ለ42፣ የውስጥ ሬሾው 1.9 ከሆነ 4.34 ይመጣል፤ ይህም ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው ነው፤ ለ17.5 ሞተር (ቁጥሩ የሽቦው ጥቅል ዙር ነው) በመካከለኛ ትራክ ደህና መነሻ ነው። ጥርሶቹ መሃል ስስ ወረቀት አስገብታችሁ ሞተሩን እሰሩና ወረቀቱን አውጡ። አምስት ደቂቃ ነድታችሁ የሞተሩን ሙቀት ለኩ፤ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ፒኒዮኑን በአንድ ጥርስ ቀንሱ፤ ሙቀት ማግኔቱን ያደክመዋል። ብዙ ሰው ለፍጥነት ብሎ ፒኒዮን ይጨምርና ከማዕዘን ሲወጣ ይቀደማል።

ትራክ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አልታጠፍ ካለ የፊት ሞላውን አለስልሱ፤ ጋዝ ስትሰጡ ጅራቱ ከከዳ የኋላውን።

ምንጣፍ በጣም ሲይዝ መኪና ማዕዘን ላይ ይገለበጣል። የውጭው የፊት ጎማ ጠርዝ ምንጣፉን ነክሶ ስለሚይዝ ነው። ጎማውን ከውጭ በኩል ጎኑ ላይ ስስ ሱፐር ግሉ ቀብታችሁ አድርቁት፤ አዲቲቭ የሚባለውን ቅባት ደግሞ የፊት ጎማ ላይ የውስጠኛውን ግማሽ ብቻ ቀቡ።

ባትሪ፦ 6000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) በ6 አምፒር፣ በባላንስ (ሴሎቹን እኩል አድርጎ በሚሞላው ዘዴ)፣ እስከ 8.40 ቮልት ይሞላል፤ እሳት በሚከላከል ከረጢት ውስጥ፣ አጠገቡ ሰው እያለ። ውድድሩ ሲያልቅ በአንድ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሙሉውን ከከረመ ያብጣል።