ቪሴንተር ሲጫን «ስሙን ማግኘት አልቻልኩም» ካለ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የቪሴንተር (የቪኤምዌርን ሰርቨሮችና ቨርቹዋል ማሽኖች ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) መጫኛ 80 በመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ ብሏል። ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱም እዚያው ነው። ወይም ደግሞ ከመጫኑ ሁለት ደረጃዎች ሁለተኛው ላይ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ «ይህ የማይስተካከል ስህተት ነው፣ እንደገና ሞክሩ» ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የአይኤስኦ ፋይሉን (ያወረደውን የመጫኛ ቅጂ) ነው። «ሲወርድ ተበላሽቶ ይሆናል» ይልና እንደገና ለማውረድ ይነሳል። ተው፣ አታውርዱ። ባህር ዳር ባለው ኢንተርኔት ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ማለት ሌሊቱን ሙሉ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለዩ ማደር ነው። መጀመሪያ ስሙን ፈትሹ። ዲስኩና ሜሞሪው በቂ ሆኖ ሳለ ቪሴንተር አልጫን ካለ፣ እኔ ቀድሜ የማየው ዲኤንኤስን (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) ነው።

ለምሳሌ የሚሆኑ ስሞች እንያዝ። ሰርቨሮችን በጣና ገዳማት ስም መጥራት ደስ ይለኛል። ኢኤስኤክስአይ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያሠራው የቪኤምዌር ሲስተም) የተጫነበት ሰርቨር ክብራን ይባል፤ አድራሻው 192.168.10.11። አዲስ የሚጫነው ቪሴንተር ናርጋ ነው፤ 192.168.10.20። የዲኤንኤስ ሰርቨሩ ዳጋ፤ 192.168.10.5። የውስጥ ዶሜኑ ጣና.ኢንተርናል ይሁን። ስለዚህ የቪሴንተሩ ሙሉ ስም ናርጋ.ጣና.ኢንተርናል ነው። እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ስክሪኑ ላይ ሁሉም በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው የሚገባው።

ላፕቶፔ ስሙን ያውቀዋል፣ መጫኛው ግን አያውቀውም

ስልክ ተደውሎ በብዛት የምሰማው ይህን ነው። «ጋሼ፣ ናርጋን ፒንግ ሳደርገው እኮ አድራሻውን በትክክል ያወጣዋል! ዲኤንኤስ ምንም አልሆነም።»

ችግሩ ያለው ፒንግ (ሌላው ማሽን ይመልስ እንደሆነ የሚፈትሸው ትእዛዝ) ላይ ነው። ፒንግ ስሙን ከየት እንዳገኘው አይነግራችሁም። አንድ ሰው ከወራት በፊት ላፕቶፑ ላይ ያለውን የሆስትስ ፋይል (ስምና አድራሻ በእጅ የሚጻፍበትን) ከፍቶ አንድ መስመር ጽፎበት ከሆነ፣ ፒንግ እሱን አንብቦ በኩራት ይመልሳል። ያ መስመር ግን የሚያገለግለው ለዚያ ላፕቶፕ ብቻ ነው። የቪሴንተር የመጀመሪያው ደረጃ ከላፕቶፓችሁ ነው የሚነሳው፤ ሁለተኛው ግን አዲስ በተፈጠረው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው የሚሠራው። ማሽኑ የእናንተን ሆስትስ ፋይል አያየውም። የኔትወርክ ገጹ ላይ የሞላችሁለትን የዲኤንኤስ አድራሻ ብቻ ይዞ ይጠይቃል።

ስለዚህ ፒንግን ትታችሁ ኤንኤስሉክአፕን ተጠቀሙ። እሱ ሆስትስ ፋይሉን አልፎ በቀጥታ ዲኤንኤስን ነው የሚጠይቀው። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ። ኤንኤስሉክአፕ ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሙሉ ስሙን፣ ክፍት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ የዳጋን አድራሻ 192.168.10.5 ጻፉ። የዳጋን አድራሻ አትዝለሉት። ካልጻፋችሁት ላፕቶፑ ዋይፋይ ራውተሩን ሊጠይቅ ይችላል፣ መልሱም ስለ ዳጋ ምንም አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ያንኑ ትእዛዝ በስሙ ቦታ 192.168.10.20ን አስገብታችሁ ድገሙት። መጀመሪያ ከስም ወደ አድራሻ ጠየቃችሁ፣ አሁን ከአድራሻ ወደ ስም። ሁለቱም እርስ በርስ የሚመሳሰል መልስ ሊሰጡ ይገባል። አንዱ ብቻ ከሠራ መጫኑን አትጀምሩ።

መጀመሪያውን ደረጃ ጨርሳችሁ ከሆነም መፈተሽ ይቻላል። የቪሴንተሩን ኮንሶል ክፈቱና ኦልት እና ኤፍ1 አብራችሁ ተጫኑ። በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ መለያ) ግቡና ከዚያው ከውስጥ ጠይቁ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ራሱ ተጠያቂው ነው የሚናገረው።

ስሙን ስጠይቅ ይመልሳል፣ አድራሻውን ስጠይቅ ዝም ይላል

ዊንዶውስ ሰርቨርን ለዲኤንኤስ የሚጠቀም ቢሮ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዊንዶውስ የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች ማውጫ) ሲጫን ከስም ወደ አድራሻ የሚመልሰው ፎርዋርድ ዞን አብሮ ይፈጠራል፤ ከአድራሻ ወደ ስም የሚመልሰው ሪቨርስ ዞን ግን አይፈጠርም። አንድ ሰው በእጁ ሊፈጥረው ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ማንም አይፈጥረውም። ለፋይልና ለፕሪንተር ስለማያስፈልግ ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል።

ምልክቱን ከኤንኤስሉክአፕ የመጀመሪያ መስመር ላይ ታዩታላችሁ። ዊንዶውስ የሰርቨሩን ስም መጻፍ በሚገባው ቦታ «የማይታወቅ» የሚል ቃል ካወጣ፣ ዳጋ የራሱን አድራሻ እንኳን ወደ ስም መመለስ አልቻለም ማለት ነው። ሰው ይህን መስመር ዘሎ ከታች ያለውን ብቻ ያነባል።

መፍትሄው አጭር ነው። ዲኤንኤስ ማኔጀርን ክፈቱ። ሪቨርስ ሉክአፕ ዞንስ የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ አዲስ ዞን ፍጠሩ። ኔትወርክ አይዲ ሲጠይቃችሁ 192.168.10 ብላችሁ ሙሉ። ዞኑ 10.168.192 ተብሎ ተገልብጦ ሲታይ አትደንግጡ፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደ ፎርዋርድ ዞኑ ተመለሱና የናርጋን ኤ ሪከርድ (ከስም ወደ አድራሻ የሚወስደውን መስመር) ክፈቱ፤ ፒቲአር (ከአድራሻ ወደ ስም የሚመልሰውን) እንዲፈጥር የሚያዘው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ሳጥኑ ቀድሞ ተመርጦ ቢሆን እንኳን ያኔ ዞኑ ስላልነበረ ሪከርዱ አልተፈጠረም። ምልክቱን አንስታችሁ መልሳችሁ አድርጉትና አስቀምጡ።

ይህን ያህል የምጨቃጨቀው በምክንያት ነው። የስም ቦታውን ባዶ ትታችሁ ከሄዳችሁ መጫኛው «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ዲኤንኤስን ይጠይቃል። መልስ ካጣ አይፒ አድራሻውን ራሱን የሲስተሙ ስም ያደርገዋል። ሰርተፍኬቶቹም በዚያ ስም ይወጣሉ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሆስትኔሙ «ሎካልሆስት» ወይም «ፎቶን ማሽን» ተብሎ ካገኛችሁትም በሽታው ይኸው ነው። እዚያው አቁሙና ዲኤንኤሱን አስተካክሉ። ከ6.7 አፕዴት 3 ወዲህ ባሉት ቨርዥኖች ስሙን በኋላ በፖርት 5480 በኩል መቀየር ይቻላል። ቢሆንም ሰርተፍኬቱም፣ ከቪሴንተሩ ጋር የተያያዘው ሌላው ሶፍትዌርም አብሮ ስለሚነካ፣ ከመጀመሪያው በትክክል መጫኑ ይቀላል።

አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም

የሰው ትዕግሥት የሚፈትነው ይሄኛው ነው። ሁለተኛ ዲኤንኤስ ብላችሁ የጉግልን 8.8.8.8 ሞልታችኋል? «አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረዳል» ብላችሁ መሆኑ ግልጽ ነው። ግን 8.8.8.8 ናርጋን አያውቀውም፣ ሊያውቀውም አይችልም። ባህር ዳር ፖሊ አካባቢ ያለን ቤት አዲስ አበባ ላለ ሰው ብትጠይቁት «እንዲህ ያለ ቤት የለም» ይላችኋል፤ ጠያቂውም አምኖ ይመለሳል። ኮምፒውተሩም እንደዚያ ነው። «የለም» የሚለው ራሱ ሙሉ መልስ ስለሆነ ሌላ ሰርቨር ልጠይቅ አይልም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ይነሳል። ዳጋ ተነስቶ እስኪጨርስ ሌሎቹ ይጠይቁታል፣ መልስ ያጣሉ፣ ወደ ሁለተኛው ይሻገራሉ። ብዙ ሲስተሞች አንዴ ከተሻገሩ በኋላ የመጀመሪያው ቢነሳም ቶሎ አይመለሱም። ጠዋት ሲሠራ የነበረው ከሰዓት በኋላ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ለቪሴንተሩ የውስጥ ዲኤንኤስ ብቻ ስጡት። የውጭ ስም ሲፈለግ ዳጋ ራሱ ወደ 8.8.8.8 ያስተላልፍ፤ ፎርዋርደር የሚባለው ቅንብር ለዚህ ነው ያለው። መጠባበቂያ የግድ ካስፈለገ ሁለተኛ የውስጥ ዲኤንኤስ ትከሉ።

ዶሜኑ በ«ሎካል» የሚያልቅ ከሆነ

በድሮ ልማድ የውስጥ ዶሜን መጨረሻው ነጥብ ሎካል ይደረግ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ግን አርኤፍሲ 6762 ይህን መጨረሻ ለመልቲካስት ዲኤንኤስ ሰጥቶታል። ስለዚህ አንዳንድ የሊኑክስ ማሽኖች በሎካል የሚያልቅ ስም ሲሰጣቸው ዲኤንኤስ ሰርቨሩን ትተው በፖርት 5353 ኔትወርኩ ላይ ላለው ሁሉ ይጣራሉ። ዊንዶውሱ ስሙን ያገኘዋል፣ ሊኑክሱ ያጣዋል። አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ ኢንተርናል የሚለውን መጨረሻ ተጠቀሙ፤ አይካን በ2024 ለግል ኔትወርክ ብሎ ለይቶታል።

ቢሮው ውስጥ ጭራሽ ዲኤንኤስ የለም

አንድ ሰርቨርና ጥቂት ኮምፒውተር ያለው ትንሽ ቢሮ ለዚህ ብሎ ዊንዶውስ ሰርቨር መግዛት የለበትም። ዲኤንኤስማስክ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ። ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ወይም ትንሽ ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ይሠራል። የምወደው ስለ አንድ ነገር ነው፤ የራሱን ማሽን ሆስትስ ፋይል አንብቦ ለኔትወርኩ በሙሉ ያካፍላል። መጀመሪያ 192.168.10.20፣ ቀጥሎ ሙሉ ስሙን፣ መጨረሻ ናርጋ ብላችሁ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። ሰርቪሱን ታስነሱታላችሁ። ከስም ወደ አድራሻም፣ ከአድራሻ ወደ ስምም ይመልሳል። ሪቨርስ ዞን ፍጠሩ የሚል ጣጣ የለም።

ሁለት ወጥመዶች አሉት። ኡቡንቱ ላይ ፖርት 53 በሲስተምዲ ሪዞልቭድ (በኡቡንቱ የራሱ የስም ፈላጊ) ቀድሞ ስለሚያዝ ዲኤንኤስማስክ አልነሳም ሊል ይችላል። የራሱን ኔትወርክ ካርድ ብቻ እንዲይዝ እዘዙት፣ ወይም የሪዞልቭድን ስተብ ሊስነር አጥፉ። ሁለተኛው፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ሆስትስ ፋይሉ ላይ የማሽኑን ስም ከ127.0.1.1 ጋር ይጽፉታል። ዲኤንኤስማስክም ያን ለሌሎች ያድላል። የዳጋን ስም የጠየቀ ማሽን ሁሉ ተመልሶ ራሱን ያገኛል። መስመሩን ወደ እውነተኛው አድራሻ ቀይሩት።

ይኸው 127.0.1.1 ፕሮክስሞክስንም (ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ማሠሪያ ሲስተም) ይጥለዋል። ብሮድኮም ቪኤምዌርን በ2023 ከገዛ ወዲህ ወደ ፕሮክስሞክስ የሚሄደው ሰው ስለበዛ ልጥቀሰው። ዴቢያን ላይ ፕሮክስሞክስ ጭናችሁ በፖርት 8006 ያለው ገጽ አልከፈት ካለ፣ የክላስተር ሰርቪሱን ሎግ እዩ። የማሽኑን ስም ወደ እውነተኛ አድራሻ መቀየር አቃተኝ የሚል ታገኛላችሁ። እዚህ ዲኤንኤስ እንኳን አያስፈልግም፤ ሆስትስ ፋይሉን ማስተካከል ይበቃል።

ስሙ ልክ ነው፣ አሁንም አይሄድም

ስሙን ከቴሌግራም መልእክት ቀድታችሁ ከሆነ መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍት ቦታ ይኖረው ይሆናል። አጥፍታችሁ በእጃችሁ ጻፉት። የግርጌ ሰረዝ በሆስትኔም አይፈቀድም፤ የሚፈቀደው ፊደል፣ ቁጥርና መካከል ላይ የሚገባ ሰረዝ ነው። ሪከርዱን አሁን ካስተካከላችሁ ዊንዶውሱ የቆየውን «የለም» ይዞት ሊሆን ስለሚችል ኬሹን አጽዱ።

ሰዓትም አለ። ኤንቲፒ ሰርቨሩን (ሰዓት የሚያስተካክለውን) በስም ከሞላችሁት እሱም በዲኤንኤስ በኩል ነው የሚገኘው። ዳጋ ወደ ውጭ የማያስተላልፍ ከሆነ ሰዓቱ አይስተካከልም፣ ሰርተፍኬቱም ይበላሻል። የባዮስ ባትሪ ሞቶ ሰዓቱን በእጅ የሚሞላ ሰው ደግሞ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ 3፡00 ብሎ ይጽፋል። ኢኤስኤክስአይ ግን የባዮሱን ሰዓት የሚያነበው በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ 9፡00 ሲሆን እሱ የሚጠብቀው 6፡00 ነው። የሦስት ሰዓት ልዩነት ይዞ የሚጀምር ቪሴንተር ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር አይግባባም፤ ከርቤሮስ (አክቲቭ ዳይሬክተሪ ማንነትን የሚያረጋግጥበት ዘዴ) በተለምዶ የሚታገሰው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

እንደገና ስትጭኑ

ሁለተኛው ደረጃ መሀል ላይ ከወደቀ ከቆመበት አይቀጥልም። ማሽኑን አጥፍታችሁ ከመጀመሪያው ትነሳላችሁ። ስለዚህ በዚህኛው ዙር መጀመሪያው ደረጃ እንዳለቀ ማሽኑን ዝጉትና ስናፕሾት (ኋላ የምትመለሱበትን የማሽኑን ሁኔታ ቅጂ) ያዙ። ሁለተኛው ቢወድቅ ወደዚያው ትመለሳላችሁ። ተሳክቶ ሲያልቅ ስናፕሾቱን ማጥፋት አትርሱ፣ ዲስክ እየበላ ይቀመጣል።

ዳጋ ራሱ ክብራን ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ የአነሳስ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ኢኤስኤክስአይ ላይ አውቶስታርትን ክፈቱ፣ ዳጋን አንደኛ፣ ናርጋን ሁለተኛ አድርጉ። በመካከላቸው ያለው መጠበቂያ ካልተነካ 120 ሰከንድ ነው። ለዲኤንኤስማስክ ይተርፋል፤ ዳጋ ዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነና ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ግን ወደ 300 ከፍ አድርጉት።