ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ልጆች ሲጎረምሱ ወላጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ከ37ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ጊዜው ሳይደርስ እንደተወለደ ይቆጠራል። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ነው የሚወለደው። ልጁ ክብደት ጨምሮ ሲሄድና ሲናገር ቤተሰቡ «ተመስገን፣ አለፈ» ይላል። በስሜቱ ላይ የቀረው ግን አንዳንዴ ጎልቶ የሚታየው በጉርምስናው ነው።

«ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ብሎ መተው። ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። በተለይ ከ32 ሳምንት በፊት በተወለዱት ላይ ተደጋግመው የሚታዩት ጭንቀት፣ ትኩረት ማጣትና ከእኩዮች ጋር አለመግባባት ናቸው፤ ሦስቱም ድምፅ የላቸውም። ትኩረት ማጣቱ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከመቅበጥበጥ ጋር አይመጣም፤ ልጁ በሐሳብ እንደነጎደ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ከጎረምሳ የምንጠብቀው በር መወርወርና ማምሸት ነው። እነዚህ ልጆች ግን በአብዛኛው ዓይን አፋርና ጥንቁቅ ናቸው፣ መጠጥ ለመሞከርም አይቸኩሉም። መምህር አይከሳቸውም፣ ጎረቤትም ያመሰግናቸዋል። ስለዚህ እርስዎ ይመልከቱ፦ ፈልጎት የሚመጣ ጓደኛ አለው? ፈተና ሲደርስ ሆዱን ያመዋል? እንቅልፉስ?

ዛሬም የማሞቂያ ክፍሉን ሕፃን ማየት። ለሞት ተቃርቦ የዳነን ልጅ ወላጆቹ ከዳነ በኋላም እንደ ተሰባሪ ዕቃ እንደሚይዙት ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1964 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። የማሽን ድምፅ እየሰማ ሳምንታት ባደረ ወላጅ አይፈረድም። ነገር ግን የ15 ዓመት ልጅ በወጣ በገባ ቁጥር «ተጠንቀቅ» ከተባለ፣ ከቤት ውጭ ያለው ሁሉ አስፈሪ ነው ብሎ ያድጋል።

እጁ ሲንቀረፈፍ «ሰነፍ» ማለት። ኳስ መለጋትና ቶሎ መጻፍ የሚከብዳቸው አሉ፤ ትምህርት ቤት ላይ መቀለጃ የሚሆኑትም በዚሁ ነው። ቤት ውስጥ መድገም አያስፈልግም።

ሁሉን በአወላለዱ ማሳበብ። በ36ኛው ሳምንት የተወለደና በ26ኛው የተወለደ አንድ አይደሉም፤ ብዙዎቹም ያለ ከባድ የስሜት ችግር ያድጋሉ። ልጆቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ኑሯቸውን ወላጆቻቸው ከሚገምቱት የተሻለ አድርገው የሚገልጹበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታሪኩን እንግዳ ፊት ማውራት። «መዳፌን አትሞላም ነበር» የሚለው ለእናት የድል ወሬ ነው፣ ለ14 ዓመት ልጅ ግን ሀፍረት። ለብቻዋ ይንገሯት፣ ጥያቄዋንም ይመልሱላት።

ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ፤ ራሱን ስለ መጉዳት ካነሳ ግን በዚያው ቀን። ሲሄዱ በስንተኛው ሳምንት እንደተወለደ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ጎረምሳ ይዞ ለመጣ ወላጅ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይቀርብም።