የየፕሮግራሙን ድምፅ መቆጣጠሪያ ስትሠሩ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ አስቡ። ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ እስክስታውን ከሙዚቃው ጋር እያገጣጠመ ነው። ድንገት ቴሌግራም ይጮህበታል። ዋናውን ድምፅ ቢቀንስ ሥራው አይሰማውም። የሚፈልገው ቴሌግራምን ብቻ ዝቅ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ይህን ይችላል። ባሕር ዳር ፖሊ ያላችሁ ተማሪዎች ግን ቀለል ያለ የራሳችሁን መሥራት ካማራችሁ፣ እነዚህን ልብ በሉ።

አሁን የሚሰማውን ፕሮግራም ብቻ መዘርዘር። የቴሌግራም "ትን" ወዲያው ያልቃል። ልጁ መቆጣጠሪያውን እስኪከፍት ስሙ ከዝርዝሩ ጠፍቷል። እንግዲህ ቀጣዩን መልእክት አድፍጦ ሊጠብቅ ነው! አንዴ የተሰማ ፕሮግራም ዝም ቢልም ዝርዝሩ ላይ ይቆይ። ክሮም ደግሞ ከጀርባ ብዙ ፕሮሰስ (ለየብቻ የሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል) ይከፍታል፤ ሁሉንም በአንድ ስም ጠቅልሏቸው።

የስላይደሩን (የሚጎተተውን የድምፅ ማስተካከያ) ቁጥር እንዳለ ከድምፁ ጋር ማባዛት። ይሄ ብዙዎችን ይሸውዳል። ስላይደሩ 50 ላይ ሲሆን ድምፁን በ0.5 ብታባዙት የሚቀንሰው 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። ጆሮ "ግማሽ ሆነ" የሚለው ግን ወደ 10 ዴሲቤል ሲወርድ ነው። ስለዚህ ላይኛው ግማሽ ላይ ብትጎትቱት ለውጡ ትንሽ ነው፤ ታች ስትደርሱ በአንዴ ጭልጥ ይላል። የሊኑክስ ድምፅ አስተዳዳሪ የሆነው ፐልስኦዲዮ እንደሚያደርገው ኪዩብ አድርጉት (ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ወስዳችሁ እርስ በርስ አባዙት)፦ 0.5 ወደ 0.125 ይወርዳል፤ ይህም 18 ዴሲቤል ያህል ነው። እጅም ጆሮም የሚስማሙት ያኔ ነው።

ዋናውን ድምፅ ከፕሮግራሙ ጋር ማሰር። ፐልስኦዲዮ ይህ አማራጭ አለው፤ አንዱ ፕሮግራም ራሱን 100 ሲያደርግ ዋናውንም ይዞት ይወጣል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ፐልስኦዲዮን ይዞ ይመጣ በነበረበት ጊዜ አጥፍቶት ነበር የሚመጣው፤ ደግ አደረገ። ፕሮግራሙ ከዋናው በታች ይደር።

ምርጫውን ሲዘጋ ብቻ ማስቀመጥ። እኛ ጋ መብራት "ልሂድ ነው" ብሎ አይሄድም፤ በክረምትማ አይወራም። ልጁ ኮምፒውተሩን መልሶ ሲያስነሳ ቴሌግራም እንደገና 100 ላይ ይጠብቀዋል። ጣቱ ስላይደሩን እንደለቀቀ ፋይል ላይ ጻፉት።

ሚውትን (ድምፅ ማጥፊያውን) ስላይደሩን ዜሮ በማድረግ መሥራት። ሚውት ለብቻው ይቀመጥ፤ ሲነሳ ድምፁ ወደነበረበት፣ ለምሳሌ ወደ 35፣ ይመለስ እንጂ ወደ 100 አይዝለል። ሲመለስም በጥቂት ሚሊሰከንድ ከፍ እያለ ይምጣ፤ አለበለዚያ ስፒከሩ "ጠቅ" ይላል።